አውሮፕላንን በሙሉ ስለ መከራየት፤ ወደ ሰሜን ዕቃና መንገደኛ ለሚልኩ ነጋዴዎች

በኮልፌ 18 ማዞሪያ ሱቅ ያለው ነጋዴ ወደ ሩቅ አገር ዕቃ ሲልክ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ይኸውም ወይ ጭነቱን በሌላ ሰው ጭነት ላይ ያዳብላል፣ ወይም መኪናውን በሙሉ ይከራያል። በአየርም ቢሆን ሥርዐቱ ይኸው ነው። ቻርተር የሚባለው አውሮፕላኑን ከነአብራሪው በሙሉ መከራየት ነው።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲበር የተገለገለበት ከጦርነቱ የተረፈ ሲ-47 አውሮፕላን ነበር። በዚያን ጊዜ መንገደኛው በግድግዳው ዳር በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ፣ ዕቃውም በመካከል ይታሰር ነበር። ቦሌ ከመሠራቱ አስቀድሞ መነሻው ልደታ ስለ ነበረ፣ ለኮልፌ ሰው የዛሬውን ያህል አይርቅም ነበር።

ኪራዩ የሚታሰበው አውሮፕላኑ በአየር ላይ በሚቆይበት ሰዓት እንጂ በዕቃው ኪሎ አይደለም። ባዶውን የሚመለስበትም ሰዓት በተከራዩ ላይ ይታሰባል። ለምሳሌ የደርሶ መልሱ ኪራይ 600,000 ብር፣ አውሮፕላኑም የሚሸከመው 1,200 ኪሎ ነው እንበል። ሙሉ ሲጫን አንዱ ኪሎ በ500 ብር ይደርሳል፤ 800 ኪሎ ብቻ የጫነ ነጋዴ ግን በኪሎ 750 ብር ከፈለ ማለት ነው። ስለዚህ ከመዋዋል በፊት፣ በመልሱ ነጭ ማር ወይም ዕጣን የሚጭን ሸሪክ መፈለግ ብልህነት ነው። ጨውና ሲሚንቶ ይህን ዋጋ አይችሉም፤ መድኃኒትና የወፍጮ መለዋወጫ ግን ይችላሉ። መንገድ በተዘጋበት ጊዜ፣ በጥር 2014 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ወደ መቀሌ በአውሮፕላን ያደረሰው መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሚዛኑ ላይ ነው። በወረቀት ላይ የተጻፈው የመጫን ችሎታ በቆላና በባሕር ዳርቻ የሚሠራ እንጂ በደጋ የሚሠራ አይደለም። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ክንፉም ሞተሩም ይደክማሉ፣ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይብስባቸዋል። ማለዳ መብረር የሚመረጥበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንግዲህ አከራዩን መጠየቅ የሚገባው፣ «ከቦሌ ተነሥቶ እስከዚያ ሜዳ፣ በዚያ ሰዓት፣ ስንት ኪሎ ይጭናል?» ተብሎ ነው። በትንንሽ አውሮፕላኖች መንገደኛውም ከነሻንጣው ይመዘናል፤ ማንም ሊቀየም አይገባም።

ስፋትም ዋጋ አለው። በመደበኛ በረራ አንድ ሜትር ኩብ ዕቃ ቢያንስ እንደ 167 ኪሎ ስለሚቆጠር፣ 25 ኪሎ የማይሞላ የስፖንጅ ፍራሽ የዚያን ያህል ያስከፍላል። በሙሉ ኪራይ ደግሞ ፍራሹ ሚዛኑ ሳይሞላ ሆዱን ይሞላዋል።

ማረፊያ የሌለበት ሥፍራ ሌላ ጉዳይ ነው። በ1977ቱ ድርቅ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩሊስ አውሮፕላኖች እህሉን በተደራረበ ከረጢት አድርገው፣ ዝቅ ብለው እየበረሩ በደጋው ላይ ይጥሉት ነበር። ይህ የነፍስ አድን ሥራ እንጂ የንግድ አይደለም።

በውሉ ውስጥ፣ ደመና ሜዳውን ሸፍኖት አውሮፕላኑ ሳያርፍ ቢመለስ ኪራዩን ማን እንደሚከፍል በግልጽ ይጻፍ፤ በክረምት ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። አከራዩ የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ያለው መሆኑ ይረጋገጥ፤ የዕቃው ኢንሹራንስም ለብቻው ይገባ። ባትሪ፣ ቀለም፣ ክብሪት፣ ሽቶና የጋዝ ሲሊንደር ከሌላው ዕቃ ጋር ተደባልቀው ሳይነገር አይጫኑም፤ አስቀድመው በዝርዝር ይመዝገቡ።