የሚያሳርፍ መዓዛ
(ዘፍ. 8፥20–21፤ ኤፌ. 5፥2)

ኦሪት ዘሌዋውያን በመሠዊያው ላይ የተቃጠለው መሥዋዕት ለእግዚአብሔር መልካም መዓዛ እንደ ሆነ ደጋግሞ ይነግረናል። የሚነድ ሥጋና ስብ ቅዱሱን አምላክ እንዴት ደስ ያሰኘዋል? ምስጢሩ በቃሉ ውስጥ ይገኛል።

ዕብራይስጡ «ሬያሕ ኒሖአሕ» ይላል። በምሥራቅ ሱዳን፣ በአትባራ ወንዝ አጠገብ ባለችው በሾዋክና በገዳሪፍ አገር፣ ሕዝቡ በዐረብኛ ሽቶን «ሪሓ» ይለዋል፤ ይህ የፊተኛው ቃል ዘመድ ነው። ሁለተኛው «ዐረፈ» ከሚል ሥር የወጣ ነው። የእርሱም ዘመድ በዐረብኛ «አናኀ» ሲሆን ግመልን አንበረከከ ማለት ነው፤ ጭነት የተሸከመው ግመል ተንበርክኮ ያርፋልና። እንግዲህ ፍችው ጣፋጭ ሽታ ብቻ ሳይሆን የሚያሳርፍ መዓዛ ነው።

ቃሉ መጀመሪያ የተጻፈው ኖኅ ከጥፋት ውኃ በኋላ በሠዋው መሥዋዕት ላይ ነው፤ የኖኅም ስም ከዚሁ ሥር ጋራ ይስማማል። የባቢሎን ሰዎች ተረት፣ የተራቡ አማልክት በመሥዋዕቱ ላይ እንደ ዝንብ ተሰበሰቡ ይላል። አምላካችን ግን አይራብም (መዝ. 50፥12)፤ ያረፈው ቍጣው ነው። የሰው ልብ ክፉ እንደ ሆነ ሳለ ምድርን ዳግመኛ ላለመርገም አሰበ። ሆኖም ጢሱ በራሱ ኀይል የለውም፤ ሕዝቡ እንቢ ቢሉ መዓዛቸውን እንደማያሸት አስጠንቅቋል (ዘሌ. 26፥31)።

ፍጹሙ መሥዋዕት ክርስቶስ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ፣ ጌታ ራሱን ስለ እኛ በሰጠ ጊዜ ለእግዚአብሔር የመዓዛ ሽታ እንደ ሆነ ያስተምራል። ስለዚህ የምንሰጠው ገንዘብ፣ የምንጾመው ጾምና የምንዘምረው መዝሙር የእግዚአብሔርን ቍጣ ለማብረድ አይደለም፤ ያ ሥራ በመስቀል ላይ ተፈጽሟል።

ታዲያ የእኛ ስጦታ ከንቱ ነውን? አይደለም። ጳውሎስ ታስሮ ሳለ የፊልጵስዩስ ምእመናን የላኩለትን ርዳታ በዚሁ ስም ጠርቶታል (ፊል. 4፥18)። በ1977 ዓ.ም. ብዙ ወገኖቻችን ረኀብና ጦርነት አስጨንቋቸው ወደ ገዳሪፍ አገር ተሰደዱ፤ በ2013 ዓ.ም.ም ሌሎች በዚያው መንገድ ተሻገሩ። ሸክሙን አውርዶ የሚያርፍበትን የሚሻ ሰው ዛሬም በደጃችን አለ። እግዚአብሔር በልጁ ያሳረፈን እኛ፣ ያንን ሰው እናሳርፈዋለን ወይስ አልፈነው እንሄዳለን?