ፍሪምባ፣ ፍምና ጥላሸት፦ ወደ ሎክሃርት ሥጋ ቤት

በዛሬው የአማርኛ ትምህርታችን ቴክሳስ ውስጥ ወደምትገኝ ሎክሃርት ወደምትባል ትንሽ ከተማ እንሄዳለን። ከኦስቲን በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የቴክሳስ ምክር ቤት በ1999 የባርቤኪው መናገሻ ብሎ ሰይሟታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ወላጆችም አብራችሁ አንብቡ፤ መጨረሻ ላይ እናንተም ሥራ አላችሁ።

እንበልና እዚያ ሄዳችሁ በላችሁ። አገር ቤት ያሉት አያታችሁ ደውለው “ምን በላችሁ ልጆቼ?” አሉ። እናንተ “ባርቤኪው!” “ምንድን ነው እሱ?” ሲሉ ዝም። ከዚያ ስልኩን ለእናታችሁ ትሰጣላችሁ። እንዲህ አይደል የሚሆነው? ዛሬ ስልኩን ለማንም ሳትሰጡ ወሬውን የምትጨርሱበትን ቃል እንፈልጋለን።

የመጀመሪያው ቃል ሥጋ ቤት ነው። በሎክሃርት የታወቁት የባርቤኪው ቤቶች አንዳንዶቹ ሲጀመሩ ምግብ ቤት አልነበሩም፣ ሥጋ ቤት ነበሩ። በማዕከላዊ ቴክሳስ ከሰፈሩት ጀርመኖችና ቼኮች መካከል ሥጋ ሻጮች ነበሩ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን ያልተሸጠ ሥጋ እንዳይበላሽ በጭስ ያበስሉታል፣ ቋሊማም ይሠሩበታል። ጥጥ ለቃሚዎች ይመጡና በሚዛን አስመዝነው ይገዛሉ፤ በተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ዘርግተውም እዚያው ይበሉታል። ዛሬም ሥጋው በፓውንድ ነው የሚሸጠው፤ አንድ ፓውንድ 454 ግራም ነው፣ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። አያታችሁ ይህን ለመረዳት ምንም አይቸገሩም። አዲስ አበባም ሥጋ ቤት ገብቶ ኪሎ አስመዝኖ፣ ቁርጡን ወይም ጥብሱን እዚያው መብላት የተለመደ ነው እኮ!

ከእነዚህ ቤቶች አንዱ ስሚቲስ ማርኬት ነው። በ1924 በጡብ የተሠራ ሕንፃ ውስጥ ይገኛል። በጓሮው በር ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ አስተናጋጅ ሳይሆን እሳት ነው። ከጡብ በተሠራው ምድጃ ጫፍ፣ መሬት ላይ፣ የኦክ ግንድ ይነዳል። ተራ የሚጠብቀው ሰው አጠገቡ ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ ትንንሽ ልጆችን እጃቸውን ያዙ። ግድግዳው ከብዙ ዓመት ጭስ የተነሣ ጠቁሯል። ይህ ጥቁር ነገር ጥላሸት ይባላል። አያታችሁ ጥላሸትን ከማድ ቤት ጣሪያ ያውቁታል። ድሮ ቢላዋው እንዳይጠፋ ከመመገቢያው ጠረጴዛ ጋር በሰንሰለት ይታሰር ነበር።

አሁን ወደ ፍም እንምጣ። የቤቱ ታሪክ እዚህ ላይ ነው ያለው። ቤቱ ከ1900 ጀምሮ ክራይትስ ማርኬት ይባል ነበር። (በእንግሊዝኛ ፊደል ላየው ሰው ክሩዝ ይመስላል፤ ስሙ የጀርመን ስለሆነ ነው። በፊደላችን ሲጻፍ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።) በኋላ የያዙት አባት ንግዱን ለወንዶቹ ልጆች ሸጡ፤ ሲሞቱ ደግሞ ሕንፃውን ለሴቷ ልጅ አወረሱ። ወንድምና እህት በኪራዩ ሳይስማሙ ቀሩ። በ1999 ወንድም የክራይትስን ስም ይዞ እዚያው ከተማ ውስጥ ወደ ሠራው አዲስ ቤት ሄደ። እህት በአሮጌው ሕንፃ ቀርታ ቤቱን በአባቷ ቅጽል ስም ስሚቲስ አለችው። ወንድም ታዲያ ባዶ እጁን አልሄደም። ከአሮጌው ምድጃ ፍም ዝቆ፣ በብረት ገንዳ አድርጎ፣ በመንገድ ላይ እየተጎተተ አዲሱ ምድጃ ደረሰ። አዲሱ እሳት የተቀጣጠለው በዚያ ፍም ነው።

ይህን ለአያታችሁ ስትነግሩ “እሳት ጫረ” በሏቸው። ክብሪት እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ ከጎረቤት ፍም በገል ይዞ መምጣት እሳት መጫር ይባላል። ፍም የቀላው ነው። በአመድ የተዳፈነው ትኩሱ ረመጥ ነው። የጠፋው ጥቁሩ ደግሞ ከሰል ነው። ሦስቱን አትቀላቅሉ።

ስለ ሥጋው ደግሞ። ታዋቂው የቴክሳስ ሥጋ ፍሪምባ ነው፣ የበሬው ደረት። በሬው ቆሞ ሲሄድ ክብደቱን የሚሸከም ጡንቻ ስለሆነ ጠንካራ ነው፤ በችኮላ ከተጠበሰ እንደ ጫማ ሶል ነው የሚሆነው። ለብዙ ሰዓት በዝግታ ሲበስል ግን ጡንቻውን ያሰረው ጅማት መሰል ነገር ይቀልጥና ሥጋው ይለሰልሳል። ጎድንና ወርችም አሉ። ስትቆርጡት ጠርዙ ቀላ ብሎ ብታዩ “ጥሬ ነው!” አትበሉ። በጭሱ ውስጥ ያለው ጋዝ ሥጋውን ቀይ ከሚያደርገው ነገር ጋር ተዋህዶ ነው፣ ሲበስልም ቀለሙ አይለቅም።

ታዲያ “ጥብስ በላን” እንበል? አያታችሁ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ያለበት ይመስላቸዋል። “የታጠነ ሥጋ” ልንልም እንችላለን፤ እኔ ግን አልወደውም። የወተት ዕቃ በወይራ ሲታጠን ጭሱ ያሸተዋል እንጂ አያበስለውም። “በጭስ ቀስ ብሎ የበሰለ ፍሪምባ” ብትሉ ይሻላል። ረዘም ይላል፣ ግን ይገባል።

አያታችሁ መጠየቃቸው የማይቀር ሌላ ጥያቄ አለ፦ “የምን ሥጋ ነው? ቀኑስ ምን ነበር?” አገር ቤት የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ቤት ለየብቻ ነው፤ እዚህ ግን የሚለይ ምልክት የለም። የሎክሃርት ቋሊማ በብዛት የበሬ ቢሆንም የአሳማ የሚቀላቀልበት አለ፤ የበሬውም ሥጋ የሚቆረጠው ከአሳማው ጋር በአንድ መክተፊያ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሻጩም አይቀየማችሁም። ሐላል ለምትሉ ቤተሰቦች ጥያቄው ከአሳማ ያልፋል፣ ስለ እርዱም ነው። ለምትጾሙ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ድንቹና ባቄላው ጾም ይመስላል፣ ግን ባቄላው ውስጥ ሥጋ፣ ድንቹ ውስጥ ማዮኔዝ ሊኖር ይችላል።

የቤት ሥራ፦ ፍም፣ ረመጥ፣ ጥላሸት፣ ፍሪምባና ቋሊማ የሚሉትን ቃላት እያስገባችሁ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በምትኖሩበት ከተማ ከተሠራ ብዙ ዓመት የሆነው ምግብ ቤት የቱ እንደሆነ፣ ሕንፃው መጀመሪያ ምን እንደነበረም ጠይቃችሁ ኑ። ከዚያ ለአያታችሁ፣ ወይም አገር ቤት ላለ ሌላ ዘመድ፣ ደውሉና ስለ ሎክሃርት ንገሩ። ወላጆች፣ ቃል ሲጠፋቸው ቶሎ ብላችሁ አትንገሯቸው፣ ስልኩንም አትቀበሏቸው። እሳት ስለ መጫር አያታችሁ የሚያወሩላችሁን ጽፋችሁ ቅዳሜ አምጡ፤ ክፍል ውስጥ እናነበዋለን።