ሱቅ ቦርዲንግ ፓስ ሲጠይቅ፦ መቼ ማሳየት፣ መቼ «ለምን?» ማለት

በአውሮፕላን ማረፊያ ሱቅ ውስጥ ውሃም ይሁን ውስኪ ይዞ ወደ ሒሳብ መክፈያው የተጠጋ ተጓዥ፣ ብዙ ጊዜ ከዋጋው አስቀድሞ የሚሰማው «ቦርዲንግ ፓስዎን?» የሚል ጥያቄ ነው። አብዛኛው ሰው ይህን የፍተሻው ተቀጥላ አድርጎ ስለሚቆጥረው ሳያንገራግር ካርዱን ይዘረጋል። ይሁን እንጂ ፍተሻው ከኋላ ቀርቷል፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ማን እንደሚገባም ጌቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ያጣራዋል። ሱቁ ካርዱን የሚፈልገው በአብዛኛው ለግብር ሒሳቡ ነው። የዚህ መመሪያ ምክርም አጭር ነው፦ የዕቃው ግብር በመድረሻዎ የሚወሰን ከሆነ ያሳዩ፤ ካልሆነ ግን ማን እንደሚጠቀም ሳያውቁ አያሳዩ።

ለዚህ ምክር ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2015 የተነሣው ክርክር ነው። ዘ ኢንዲፔንደንት ጋዜጣ እንዳጋለጠው፣ በአገሪቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች የሚሠሩ ታላላቅ ሱቆች ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚበር ደንበኛ ካርዱን ባሳያቸው ቁጥር ከሽያጩ ላይ 20 በመቶ ቫት ከመክፈል ይድኑ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ዋጋውን ለተጓዡ አልቀነሱም። ሒሳቡን በምሳሌ ብናየው፣ ወደ ፓሪስ የሚሄደውና ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መንገደኛ አንድ ዓይነት ሎሽን እኩል በ6 ፓውንድ ይገዛሉ እንበል። ቫቱ በዋጋው ውስጥ ስለተካተተ ድርሻው አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም 1 ፓውንድ ነው። የፓሪሱ ተጓዥ 1 ፓውንድ ለመንግሥት ይገባል፤ የአዲስ አበባው ግን ሱቁ ጋ ይቀራል። በጊዜው የግምጃ ቤት ባለሥልጣን የነበሩት ዴቪድ ጎክ፣ እፎይታው የታሰበው ተጓዡ በርካሽ እንዲገዛ እንጂ ለሱቆች ሲሳይ እንዲሆን አይደለም ሲሉ ወቀሱ። ለተራ ዕቃ ካርድ የማሳየት ሕጋዊ ግዴታ እንደሌለም ብዙ ሰው ያወቀው ያኔ ነው።

«ለአንድ ፓውንድ ይህን ያህል?» የሚል ይኖራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን። እዚህ ላይ ተረቱ ተገልብጧል፦ ከሃምሳ ሰው አንዳንድ ሎሚ ሲወሰድ ማንም ልብ አይልም፤ የወሳጁ ቅርጫት ግን ይሞላል። የአውሮፕላን ማረፊያ ኪራይ ውድ ስለሆነ ሱቆቹ ቢያተርፉ ምን አለበት የሚለው መከራከሪያም ሚዛን አይደፋም። ኪራዩ ውድ ከሆነ ሱቁ በግልጽ በዋጋው ላይ ይጨምረው፤ ገዢው አይቶ ይወስናል። ተጓዡ በራሱ ሰነድ ያስገኘውን የግብር ቅናሽ ሳይነግሩት መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው።

እርምጃ 1፦ የሚነሡበትን አገር ደንብ ይወቁ

ወሳኙ የሚሄዱበት ብቻ ሳይሆን የሚገዙበትም አገር ሕግ ነው። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ደንቡ ተለውጧል፤ እንደ ኤሌክትሮኒክስና ልብስ ያሉ ዕቃዎችን ከፍተሻ በኋላ ባሉ ሱቆች ያለ ቫት መሸጥ ቀርቷል። በአንጻሩ ከቀረጥ ነፃ መጠጥና ትምባሆ መግዛት ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚሄዱም ተፈቅዷል። ስለዚህ ዛሬ ለንደን ላይ ለሳንድዊች ካርድ የሚጠይቅ ሱቅ የ2015ቱን የግብር ምክንያት ሊያቀርብ አይችልም። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ደግሞ ከቀረጥ ነፃ ግዢ የሚፈቀደው ከኅብረቱ ውጭ ለሚወጣ መንገደኛ ነው፤ በአባል አገሮች መካከል ለሚበር ከ1999 አጋማሽ ጀምሮ ቀርቷል። እዚህ ላይ አበሾች ብዙ ጊዜ የሚያልፋቸው ጥቅም አለ። የሚታየው የመጨረሻው መድረሻ ነው። ከስቶክሆልም ተነሥቶ በፍራንክፈርት በኩል አዲስ አበባ የሚገባ ሰው የመጀመሪያውን ካርድ ብቻ ካሳየ እንደ ጀርመን ተጓዥ ሊቆጠር ይችላል፤ እስከ አዲስ አበባ የሚያደርሰውን ሁለተኛውን ካርድ ወይም ትኬቱን አብሮ ያሳይ።

እርምጃ 2፦ ዕቃውን ይለዩ

ቅርጫትዎን በሁለት ይክፈሉት። ከቀረጥ ነፃ የሚሸጥ መጠጥና ሲጋራ ከሆነ ሻጩ ገዢው በእርግጥ ከአገር እንደሚወጣ የማረጋገጥ ግዴታ አለበት፤ ካርዱን ካላዩ አይሸጡልዎትም፣ ትክክልም ናቸው። እዚህ ላይ መከራከር ጠብ ያለሽ በዳቦ ነው። መጽሔት፣ ማስቲካ፣ ውሃና ምግብ ግን በከተማው ሱቅ እንደሚገዙት ናቸው፤ ለእነሱ ካርድ ሲጠየቅ ወደ ሦስተኛው እርምጃ ይለፉ። ሽቶና መዋቢያ እንደየአገሩ ይለያያሉ፤ አንድ ዕቃ በመደርደሪያው ላይ ሁለት ዋጋ ከተጻፈበት፣ ዝቅተኛውን የሚያስገኝልዎት ካርዱ ሊሆን ስለሚችል ጠይቀው ያሳዩ።

እርምጃ 3፦ በትሕትና ሦስት ነገር ይጠይቁ

ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ለዚህ ዕቃ ማሳየት ግዴታ ነው? ባሳይ ዋጋው ይቀንስልኛል? ከካርዱ ላይ የምትመዘግቡት ምንድን ነው? ለመጀመሪያው መልሱ «አዎ፣ ሕግ ነው» ከሆነ ያሳዩ። ግዴታ ካልሆነና ዋጋም ካልቀነሰ «እንግዲያው ይቅርብኝ» ብለው ሒሳብዎን ይክፈሉ። ይህ ሰልፉን ያጓትታል፣ ምንም ሥልጣን የሌላትን ገንዘብ ተቀባይም ያስቸግራል የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው። ስለዚህም ነው ጥያቄው አጭርና ለስላሳ መሆን ያለበት። ልጅቷ ማሽኑ የሚያዛትን ነው የምትጠይቀው፤ ደንቡን ያወጣችው እሷ አይደለችም። ማሽኑ ያለ ካርድ አልቀበልም ካለ ዕቃውን መልሶ መተው ወይም ኃላፊ መጥራት ይቻላል፤ ድምፅ ከፍ ማድረግ ግን ለማንም አይበጅም።

እርምጃ 4፦ ሲያሳዩ ተጠንቅቀው ያሳዩ

ካርዱ ተራ ወረቀት አይደለም። ስምዎን፣ የበረራ ቁጥሩን፣ መነሻና መድረሻውን፣ የመቀመጫ ቁጥሩንና ስድስት ፊደልና አኃዝ ያለውን የትኬት መለያ ኮድ ይይዛል፤ ባርኮዱም ይህንኑ ለማሽን በሚነበብ መልክ ይደግመዋል። በብዙ አየር መንገዶች ድረ ገጽ መለያ ኮዱና የአባት ስም ብቻ ትኬቱን ለመክፈት ይበቃሉ። የቀድሞው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት በ2020 የካርዳቸውን ፎቶ በኢንስታግራም ለጥፈው፣ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ከዚያ ተነሥቶ እስከ ፓስፖርት ቁጥራቸው ደርሷል። ሱቅ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ማለት አይደለም። ሆኖም መድረሻን ለማወቅ ዓይን ከበቃ ካርዱን በእጅዎ ይዘው፣ ኮዱን በጣትዎ ሸፍነው ያሳዩ፤ ፎቶ እንዲነሣ አይፍቀዱ። «የምንሰበስበው ደንበኞቻችን ወዴት እንደሚሄዱ ለማጥናት ነው» ለሚል ሱቅም መልስ አለ፦ ጥናት የሱቁ ፍላጎት እንጂ የገዢው ግዴታ አይደለም። ከሜይ 2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ደንብም ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ መሰብሰብን ይከለክላል።

እርምጃ 5፦ ደረሰኙንና የታሸገውን ከረጢት አይለያዩ

ካሳዩ በኋላ ጥቅሙ ለእርስዎ መድረሱን ደረሰኙ ላይ ያረጋግጡ፤ የተከፈለው ዋጋ መደርደሪያው ላይ ካዩት ከቀረጥ ነፃ ዋጋ ጋር ይስማማል? ፈሳሽ ከገዙና ትራንዚት ካለዎት ሻጩ ሲከፈት በሚያስታውቀው ግልጽ ከረጢት አሽጎ ደረሰኙን ከውስጥ እንዲያስገባው ይጠይቁ፤ እስኪደርሱም አይክፈቱት። ቦሌ ላይ ውስኪ ገዝቶ በዋሽንግተን በኩል ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚቀጥል መንገደኛ ዳግም ይፈተሻል። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ የሚያልፍለት ከረጢቱ ሳይከፈት፣ ደረሰኙም ካለፉት 48 ሰዓታት ወዲህ የተቆረጠ ሲሆን ነው። ከዚህ የሚቀለው ግን በመጀመሪያው መግቢያ ላይ ሻንጣውን ሲረከብ ጠርሙሱን እዚያ ውስጥ ከትቶ መልሶ ማስረከብ ነው። «ከቀረጥ ነፃ» የሚለው ጽሑፍ የሚመለከተው የሚነሡበትን አገር ግብር መሆኑንም አይርሱ፤ ሲደርሱ የሚጠብቅዎት ጉምሩክ የራሱ ጣሪያ አለው።

እርምጃ 6፦ ከከተማ የገዙትን ለይተው ይያዙ

በከተማ ሱቅ ለተገዛ ዕቃ የሚመለሰው ቫት ሌላ ሥርዓት ነው፤ እዚያ የሚታየው መድረሻ ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ አገር ጭምር ነው። ኑሮው አዲስ አበባ ወይም ቴል አቪቭ የሆነ ሰው ጀርመን ውስጥ ከ50 ዩሮ በላይ ቢገዛ ተመላሽ መጠየቅ ይችላል፤ ፍራንክፈርት የሚኖር ወንድሙ ግን አይችልም። ለዚህ ፓስፖርትና የጉዞ ሰነድ ማሳየት የግድ ነው፤ ገንዘቡ ወደ ኪስዎ ስለሚመለስም ቅር አይበልዎት። ዕቃውን ጉምሩክ ማየት ስላለበት ቅጹን ሻንጣው ከመግባቱ በፊት ያስመቱ፤ ዕቃው ከተገዛበት ወር በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላም ከኅብረቱ መውጣት አለበት።

እርምጃ 7፦ ጉዞው ሲያልቅ ካርዱን ያጥፉ

ካርዱን በመቀመጫው ኪስ ወይም በሆቴል ጠረጴዛ ላይ አይተዉ። የማይል ነጥብዎ መመዝገቡን እስኪያረጋግጡ ያቆዩት፤ ከዚያ ባርኮዱን ቀደው ይጣሉት።

ሰባቱን እርምጃ ለማስታወስ ጊዜ ያጠረው ተጓዥ አንዱን ብቻ ይያዝ፦ ካርዱ ሲጠየቅ «ባሳይ ዋጋው ይቀንስልኛል?» ይበል። ለመጠጥና ለሲጋራ መልሱ በአብዛኛው «አዎ» ነው፤ ለውሃ ጠርሙስ ግን ካርዱ ኪስ ውስጥ ቢቆይ የሚጎድል ነገር የለም።