«ገዢውስ ማነው?»፦ አልቢኒዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ስለሚፈጸም ግድያና መድልዎ

መግቢያ

ባለፈው ሴሚስተር ስለ ማኅበራዊ ችግሮች በምንማርበት ኮርስ ላይ ጎጂ ልማዶችን እያነሳን ስንወያይ መምህራችን አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «በታንዛኒያ አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች የሚገደሉት ለምንድን ነው?» እኔም እጄን አውጥቼ፣ ብዙም ሳላስብ፣ «ከድንቁርና የተነሳ ነው፤ ትምህርት ሲስፋፋ ይጠፋል» ብዬ መለስኩ። ከጎኔ የተቀመጡትም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። መምህራችን ግን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ካዩኝ በኋላ «ጥሩ፤ ገዳዩ ያልተማረ ነው እንበል። ገዢውስ ማነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ላልመለስኩት ጥያቄ መልስ ለመስጠት ያደረግሁት ሙከራ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እጠይቃለሁ።

አልቢኒዝም ምንድን ነው?

አልቢኒዝም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። ብዙ ሰው እንደሚያደናግረው ለምጽም አይደለም። ቆዳችን፣ ጸጉራችንና ዓይናችን ቀለማቸውን የሚያገኙት ሜላኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። አልቢኒዝም ያለበት ሰው አካል ይህን ንጥረ ነገር ጨርሶ አያመርትም፣ ወይም የሚያመርተው በጣም ጥቂት ነው። ቆዳን፣ ጸጉርንና ዓይንን በአንድነት የሚነካው ዓይነት በዘር የሚወረስ ሲሆን፣ ልጁ ለዚህ ምክንያት የሆነውን ዘረ-መል (ጂን) ከእናቱም ከአባቱም መውረስ አለበት። ወላጆቹ ራሳቸው ምንም ምልክት ሳይታይባቸው ተሸካሚ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና አልቢኒዝም ያለበት ልጅ የመወለዱ ዕድል ከ4 አንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ የሚወቀሰው እናትየዋ ናት። «ከነጭ ወልዳ ነው»፣ «ተረግማ ነው» ትባላለች። ባልም «የኔ አይደለም» ብሎ ጥሏት የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በሳይንሱ መሠረት ግን ግማሹ የመጣው ከአባትየው ነው። ይህችን አንዲት ነጥብ በሚገባ ማስተማር ብቻ ስንት ትዳር ያድን ነበር!

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ አልቢኒዝም የሚታየው ከ17,000 እስከ 20,000 ከሚሆኑ ሰዎች በአንዱ ላይ ነው። በታንዛኒያ ግን ከ1,400 ሰዎች በአንዱ ላይ እንደሚታይ ይገመታል። ስለዚህ ለታንዛኒያውያን ይህ ሰው እንግዳ ፍጡር ሳይሆን የጎረቤት ልጅ ነው። እንዲህም ሆኖ በስዋሂሊ ቋንቋ ሲጠራበት የኖረው ስም «ዜሩዜሩ» የሚል የንቀት ቃል ነው፤ ብዙዎች «መንፈስ» ወይም «ሙት» እንደ ማለት ያዩታል። «እነሱ አይሞቱም፣ ዝም ብለው ይሰወራሉ» የሚል አባባልም አለ። እንግዲህ አይሞትም የተባለን ሰው መግደል፣ እንደ መግደል መቆጠሩ ይቀራል ማለት ነው።

ግድያውና ዋጋው

ታንዛኒያ ውስጥ ግድያው የዓለምን ትኩረት የሳበው ከ2007 ጀምሮ ነው። አብዛኛው የተፈጸመው በሰሜን ምዕራብ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ በሚገኙት እንደ ምዋንዛና ሺንያንጋ ባሉ አካባቢዎች ነው። ገዳዮች ገጀራ ይዘው በሌሊት ቤት ሰብረው ይገባሉ፤ እጅና እግር ቆርጠው ይሄዳሉ። ሕፃናት ሳይቀሩ ተገድለዋል። መቃብር ተቆፍሮ አጥንት የተሰረቀበት ጊዜም አለ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ከአካላቸው የተሠራ መድኃኒት ወይም ክታብ ገድ ያመጣል፣ ሀብት ይስባል ተብሎ ነው። ዓሣ አጥማጁ ጸጉሩን ከመረቡ ጋር ቢጎነጉነው ዓሣ ይሞላለታል፤ ወርቅ ቆፋሪው አጥንቱን ከጉድጓዱ ቢቀብረው ወርቅ ይወጣለታል ይባላል።

የቢቢሲ ጋዜጠኛዋ ቪኪ ንቴቴማ በ2008 ሀብት ፈላጊ ነጋዴ መስላ ወደ ጠንቋዮች ዘንድ በመሄድ ይህን ንግድ በምስጢር መርምራ ለዓለም አሳወቀች። ከዚህም የተነሳ ዛቻ ስለበዛባት ለጊዜው ለመሸሸግ ተገዳ ነበር። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማኅበራት ፌዴሬሽን ደግሞ በ2009 ባወጣው ሪፖርት፣ የአንድ ሰው የተሟላ አካል እስከ 75,000 የአሜሪካ ዶላር እንደሚያወጣ የታንዛኒያ ፖሊስ ኃላፊዎችን ጠቅሶ ገልጿል።

የመምህራችን ጥያቄ የገባኝ ይህን ቁጥር ሳነብ ነው። በመረብ ዓሣ የሚያወጣ ደሃ ወይም በአካፋ ወርቅ የሚቆፍር ሠራተኛ 75,000 ዶላር ከየት ያመጣል? እንደዚህ ያለ ዋጋ የሚጠራው የሚከፍል ሰው ሲኖር ነው።

የጥንት ልማድ ነውን?

ሁላችንም የለመድነው አነጋገር «ኋላ ቀር ልማድ» የሚል ነው። ሆኖም ዲቦራ ብራይሰን ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር በ2010 ያሳተመችው ጥናት ነገሩን በሌላ ዓይን እንዳየው ረድቶኛል። ጥናቱ ግድያውን የሚያያይዘው በአካባቢው እየተስፋፋ ከመጣው ባህላዊ የወርቅ ቁፋሮ ጋር ነው። የወርቅ ዋጋ በ2000 አካባቢ ለአንድ አውንስ ከ300 ዶላር በታች ነበር፤ በ2008 መጀመሪያ ከ800 ዶላር በላይ ደረሰ። ብዙ ወጣት እርሻውን ትቶ ወደ ጉድጓድ ወረደ። አንዱ በአንድ ሳምንት ባለጸጋ ሲሆን ሌላው ዓመት ሙሉ ቆፍሮ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለቱም የቆፈሩት ጎን ለጎን ነው። ታዲያ ልዩነቱን ምን አመጣው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሸጠው «ምጋንጋ» የሚባለው ባለመድኃኒት ነው። ዓሣ አጥማጁም ዘንድ ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ ወደ አውሮፓ መላክ ከጀመረ ወዲህ ሐይቁም እንደ ወርቁ የዕድል ቦታ ሆነ።

በእርግጥ ስለ አልቢኒዝም ያለው ጥርጣሬና ስድብ የቆየ ነው። ግድያው በዚህ መጠን ገበያ የሆነው ግን በአዲስ ዘመን፣ በአዲስ ገንዘብ ነው። አሮጌው እምነት ተጎጂውን «ሰው አይደለም» ብሎ አመቻቸ፤ አዲሱ ገበያ ደግሞ ዋጋ ለጠፈበት። ሁለቱን ለያይቶ ማየት የሚያሳስተን ይመስለኛል።

የተማረ አይገድልምን?

ከላይ የጠቀስኩትን የራሴን መልስ ሙሉ በሙሉ ያፈረሰብኝ የማላዊው ጉዳይ ነው። ማላዊ ውስጥ ጥቃቱ የበረታው ከ2014 መጨረሻ ወዲህ ነው። በ2018 አንድ አልቢኒዝም ያለበት ወጣት ተገደለ። ፍርድ ቤቱ በ2022 ጥፋተኛ ካላቸው ሰዎች መካከል አንድ የካቶሊክ ቄስ፣ አንድ የፖሊስ አባልና አንድ የጤና ባለሙያ ይገኙበታል። ከእነርሱም ጋር የሟቹ የገዛ ወንድሙ ነበረበት። እነዚህ እኮ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሰዎች አይደሉም! አንዱ ንስሐ ተቀባይ፣ አንዱ ሕግ አስከባሪ፣ አንዱ የሰውን አካል በትምህርት ቤት የተማረ ነው። ወንድምየው ደግሞ ከአንድ ማሕፀን የወጣ ነው።

ሰንሰለቱ እንግዲህ እንዲህ ነው። ከፋይ አለ፣ አዛዡ ባለመድኃኒት አለ፣ ገጀራ የያዘ ገዳይ አለ፣ በመጨረሻም «ዛሬ ብቻውን ነው» ብሎ የሚጠቁም የቅርብ ሰው አለ። ለፍርድ የሚቀርበው በአብዛኛው ገጀራ የያዘው ሲሆን፣ ከፋዩ እምብዛም አይገኝም።

መንግሥታት ምን አደረጉ?

የታንዛኒያ መንግሥት ዝም አላለም። በ2008 ፕሬዚዳንት ጃካያ ኪክዌቴ አልቢኒዝም ያለባትን አል-ሻይማ ክዌጊርን የምክር ቤት አባል አድርገው ሾሙ። በ2009 መጀመሪያ የባህል መድኃኒት አዋቂዎች ፈቃድ ተሰረዘ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ወር ሦስት ገዳዮች የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው። በ2015 በጠንቋዮች ላይ እንደገና እገዳ ተጣለ። በተባበሩት መንግሥታት በኩልም ሰኔ 13 ቀን የአልቢኒዝም ግንዛቤ ዓለም አቀፍ ቀን ሆኖ በ2014 ተደነገገ። በ2015 የመጀመሪያዋ ገለልተኛ ኤክስፐርት ሆና የተሾመችው ናይጄሪያዊቷ የሕግ ባለሙያ ኢክፖንዎሳ ኤሮ ራሷ አልቢኒዝም ያለባት ናት።

ይሁን እንጂ ጥበቃው ራሱ ሌላ ጣጣ አመጣ። ሕፃናቱን ከገዳይ ለማዳን ሲባል በሺንያንጋ እንደሚገኘው ቡሃንጊጃ ባሉ ማዕከሎች ሰበሰቧቸው። ሕይወታቸው ተረፈ፤ ዳሩ ግን ብዙዎቹ ከእናት ከአባታቸው ተለይተው አደጉ። ወንጀል የሠራው ሰው ከቤተሰቡ ጋር ሲኖር፣ ምንም ያላጠፋው ልጅ በአጥር ውስጥ ኖረ። ይህ ፍትሕ ነው ለማለት ይከብዳል።

ዜና የማይሆነው ሞት

ገጀራው ዜና ይሆናል፤ ፀሐይ ግን ዜና አይሆንም። ሜላኒን ቆዳን ከፀሐይ የሚከላከል ጥላ ነው። እርሱ ሲጎድል ቆዳው ይቃጠላል፣ ይቆስላል፣ ቀስ በቀስም ወደ ካንሰር ይለወጣል። በአፍሪካ ብዙዎች በዚህ ምክንያት በለጋ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። መከላከያው ግን ቀላል ነው፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ እጀ ረጅም ልብስና የፀሐይ መከላከያ ቅባት። ታንዛኒያ ውስጥ በሞሺ ከተማ «ኪሊሰን» የተባለ ቅባት እዚያው እየተመረተ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ሲታደል ቆይቷል። ለእኔ ይህ ከብዙ አዋጅ ይበልጣል።

ሌላው የዓይን ጉዳይ ነው። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ብርሃን ያስቸግረዋል፣ ከርቀት ያለ ነገር በደንብ አይታየውም፤ መነጽርም ሙሉ በሙሉ አያስተካክለውም።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። አንደኛ ደረጃ ስማር አልቢኒዝም ያለበት አንድ ልጅ አብሮን ይማር ነበር። «ፈረንጁ» እንለው ነበር። ቁመቱ ረዘም ስለሚል ከእኔ ጋር ከኋላ ተቀመጠ። ሰሌዳው ስለማይታየው ተነስቶ ወደ ፊት ሲሄድ «ተቀመጥ!» ይባላል። ከእኔ ደብተር ለመገልበጥ ሲሞክር ደግሞ እኔ በክንዴ እሸፍነው ነበር። ኩረጃ መስሎኝ ነዋ! ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋረጠ። «ሰነፍ ስለሆነ ነው» አልን፣ በዚያው ተረሳ። ያኔ ማናችንም ገጀራ አልያዝንም። ነገር ግን «እሱ ሌላ ዓይነት ነው» ብለን ስላመንን፣ «ይታይሃል ወይ?» ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም።

ማጠቃለያ

መምህሬ ዛሬ ቢጠይቁኝ እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ። ገዢው ገንዘብ ያለው፣ ያንንም ገንዘብ በሌላ ሰው አካል ለማብዛት የማያቅማማ ሰው ነው፤ የተማረም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ትምህርት ሲስፋፋ ይጠፋል» ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። ፖሊስ ከገጀራው አልፎ ገንዘቡን ተከትሎ መሄድ አለበት። ትምህርቱም ስለ ዘረ-መል የሚነገር ብቻ ሳይሆን በባርኔጣ፣ በቅባትና በፊት ወንበር የሚታይ መሆን አለበት። እኛም የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች «ጎጂ ልማድ» የሚል ቃል በጻፍን ቁጥር ማን እንደሚጠቀምበት፣ ማንስ እንደሚከፍልበት የመጠየቅ ግዴታ አለብን።

ከመካከላችሁ መምህር የምትሆኑ ብዙዎች ናችሁ። ከኋላ ወንበር ተነስቶ ወደ ሰሌዳው የሚሄድ ልጅ ብታዩ፣ እባካችሁ «ተቀመጥ» ከማለታችሁ በፊት ጠይቁት።