ካርቱም ለምትገባው ለእህቴ ልጅ

የእህቴ ልጅ ሆይ፣ ወደ ካርቱም ልትሄጂ መነሣትሽን እናትሽ ነግራኛለች። ብትቀሪ ደስ ባለኝ፤ ጦርነቱ ጨርሶ ባልበረደበት ሀገር ሥራ ፍለጋ መግባት ቀላል ነገር አይደለም። ከወሰንሽ ግን በካርቱሙ ዴም ሰፈር በኖርኩባቸው ዓመታት ያወቅሁትን ልንገርሽ። በዚያ ከተማ አፈ ጮሌው ሲቸገር፣ ጆሮው የነቃው ሲሻገር አይቻለሁ። ምክሬም ሁሉ ስለ መስማት ነው።

1. ሰላምታውን እስከ መጨረሻው ስሚ። ሱዳኖች ሰላምታ አይቆርጡም። «ከይፍ? ተማም? ኩዌስ?» እያሉ ስለ ጤናሽ፣ ስለ ቤተሰብሽ፣ ስለ ሥራሽ ይጠይቁሻል፤ በየመሐሉ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ከእኛ ሀገር የሄደ ወጣት ቸኩሎ «ቢካም?» ብሎ ዋጋ ይጠይቃል። ባለሱቁ አይቆጣውም፤ ፊቱ ግን ይቀዘቅዛል። ጎንደር ያሉት አያትሽ ስለ ልጁም ስለ ከብቱም ጠይቀው ሳይጨርሱ ወደ ጉዳይ እንደማይገቡ ታውቂያለሽ። እዚያም እንደዚያው ነው።

2. ቋንቋውን በጆሮሽ ግቢበት። የመጽሐፉ ዓረብኛና የካርቱም መንገድ ዓረብኛ ይለያያሉ። ትምህርት ቤትሽ ሻይ ሻጯ አጠገብ ያለው ዝቅ ያለ በርጩማ ይሁን። ከሰሏን አቀጣጥላ፣ የቆላችውን ቡና ከዝንጅብል ጋር በሙቀጫ ስትወቅጥ ዘነዘናው ራሱ ምት አለው። ደንበኛው እንዴት እንደሚያዝ፣ ስኳር እንዴት እንደሚያስቀንስ፣ ዱቤ ሲጠይቅ እሷ ሳታስቀይመው እንዴት እንደምትመልሰው ልብ ብለሽ ስሚ። ከሻይና ቡና ሻጮቹ መካከል የእኛው ልጆችም ስለነበሩ፣ የተሳሳትሽውን የምታርምሽ እህት አታጪም ነበር፤ ዛሬም ፈልገሽ ካገኘሽ ተጠጊያት። ዘፈኑም ይረዳሻል። የሱዳን ዜማ እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የተቃኘ ነውና ለጆሮሽ ባዳ አይሆንም። አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የዘፈነውን መሐመድ ወርዲን፣ ሰይድ ኸሊፋንም ስሚ። ሱዳኖችም የእኛን ጥላሁን ገሠሠን ይወዱት ነበር፤ ስሙን ስትጠሪ ፊታቸው ይፈታል።

3. የከተማውን ድምፅ ለይተሽ እወቂ። ይህን ከሁሉ አብልጬ እነግርሻለሁ። በ2011 ዓ.ም. በፕሬዚዳንቱ በአልበሽር ላይ ሕዝቡ ሲነሣ፣ ሰልፉ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከቀኑ በሰባት ሰዓት በሴቶች እልልታ ነበር። ሰርግ መስሎት ወደዚያ የሮጠ እንግዳ አስለቃሽ ጭስ ይጠብቀው ነበር። የውጭ ሰውና ሻይ ሻጭ የሚለቀምበት የፖሊስ አፈሳ ሲመጣ ደግሞ «ከሻ!» የሚል ጩኸት ከመንገዱ ጫፍ ይነሣል፤ ወረቀቷ ያልተሟላ ልጅ ያንን ቃል ከሰላምታ በፊት ነው የምትማረው። አንቺ ግን ኢቃማሽን፣ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ ሳታወጪ አትቀመጪ።

ጦርነቱ የጀመረው ቅዳሜ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ለእኛ ቀዳም ሥዑር፣ ለእነሱ ረመዳን ነበር። የፋሲካን ሌሊት በቅዳሴ ሊያነጉ የተዘጋጁ ሰዎች፣ ከኤርፖርቱና ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲሰሙ ዋሉ። ከዚያ ወዲያ በከተማው የቀረ ሁሉ ጆሮው ወታደር ሆነ። የሚሄደውን ተኩስ ከሚመጣው፣ የአንቶኖቭን ጉምጉምታ ከሌላው አውሮፕላን መለየት የልጅ ትምህርት ሆነ። ጎረቤት «ከመስኮቱ ራቁ፣ ወደ መካከለኛው ክፍል ግቡ» ሲል ሰምተው የታዘዙ አሉ። «ዛሬ መንገዱ ረግቷል» ሲባል በገዳሪፍ አድርገው በገላባት መተማ የገቡም አሉ። የሱዳን ሠራዊት ካርቱምን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው፤ የድሮን ጥቃት ግን ከዚያም በኋላ አልቀረም። ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ በየፍርስራሹ አለና የሰፈሩ ሰው «አትንኪ» ካለሽ አትጠይቂ፣ አትንኪ።

4. ባለቤት የሌለውን ወሬ አታሰሚ። ዱሮ ነጋሪት ተጎስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲባል የአዋጁ ባለቤት ይታወቅ ነበር። ዛሬ በስልክ የሚዞረው የድምፅ መልእክት ማን እንደተናገረው፣ መቼ እንደተናገረው አይታወቅም። በጥር 2016 መጨረሻ በሱዳን ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ሞተ የተባለ ሰው በሕይወት ተገኝቷል፤ በሕይወት አለ የተባለም ተቀብሮ ነበር። ወሬ ላመጣልሽ ሁሉ «አይተሽ ነው ወይስ ሰምተሽ?» በይ። ስለ ሊቢያ መንገድ የሚያወራሽን ደላላ በተለይ፣ የማይነግርሽን ስሚበት። ዋጋውን ይነግርሻል፤ በረሃው ላይ ለማን እንደሚያስረክብሽ፣ ቤተሰብሽ ለማስለቀቂያ ስንት እንደሚጠየቅ አይነግርሽም። የሚያጣድፍሽን ሰው አትከተዪ።

5. ሰው ቤት ስትሠሪ የታዘዝሽውን መልሰሽ ተናገሪ። «ይህን ነው ያልሽኝ?» ብለሽ አረጋግጪ፤ ቋንቋው ገና ሳይገባሽ ራስ መነቅነቅ ብዙ ልጅ ያለ ጥፋቷ አስወንጅሏል። ደመወዝሽ ሲቀር ወይም ስትሰደቢ ግን ዝም ብለሽ አትስሚ፤ የሀገር ሰው ይዘሽ ተናገሪ።

6. አብራሽ የምታድረውን ስሚያት። ካርቱም አንድ ክፍል ለብዙ ተከራይቶ የሚኖርባት ናት፤ አንዷ ከወሎ፣ አንዷ ከትግራይ፣ አንዷ ከወለጋ ትሆናለች። በ2013 ዓ.ም. ሀገራችን ውስጥ ጦርነት ተነሥቶ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከትግራይ ወደ ሱዳን ሲሻገር፣ በዚያው ክፍል ያሉ እህትማማቾች ጀርባ ሲሰጣጡ አይቻለሁ። የየራሳቸው ሬዲዮ፣ የየራሳቸው ስልክ ነበራቸው። ካኮራረፉት አንዳንዶቹን ያስታረቃቸው ክርክር አልነበረም። አንዷ የወንድሟን መሞት ስትናገር ሌላዋ «ግን እኮ እናንተም» ሳትል እስከ መጨረሻው ሰማቻት። የሽምግልና ወጋችንም ይኸው ነው፤ ሽማግሌ ተበዳይንም በዳይንም ሳያቋርጥ እስኪሰማ ድረስ አይፈርድም። አንቺም ለቅሶን አታቋርጪ።

7. ጆሮሽን ራሱን ጠብቂው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። 85 ዲሲቤል የሚደርስ ድምፅ በቀን 8 ሰዓት ያህል ሲሰሙት ጉዳቱ ይጀምራል። መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር አጠገብ ቆመሽ፣ ክንድ ከማይርቅ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገሽ ድምፁ በዝቷልና ራቂ። በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ ከፍተሽ አትተኚ። ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ነጠላሽን በጆሮሽም ላይ ጠምጥሚው። አቧራ ገባ ብለሽ በክብሪት እንጨት ወይም በጥጥ አትቆርቁሪ፤ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ታምቡሩንም ሊበሳው ይችላል። መግል ከወጣው ዘይትም ነጭ ሽንኩርትም ሳትጨምሪ ሐኪም ጋ ሂጂ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ሕክምናና ድጋፍ የሚያሻው የመስማት ችግር ያለበት ሰው በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን ይበልጣል። ብዙው ደግሞ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖር ነው።

8. ለእናትሽ ስትደውዪ አንቺ አትቅደሚ። ገንዘብ ስለ መላክሽ፣ ስለ ድካምሽ ከማውራትሽ በፊት እሷ ትናገር። «ደህና ነኝ» ስትል ቃሉን ብቻ አትያዢ፤ ትንፋሿን፣ ሳሏን፣ ዝም የምትልበትን ቦታ ስሚ። እህቴ ሕመሟን የምትደብቅ ሴት ናት። ጆሮዋም ደክሟልና አትጩኺባት፤ ረጋ ብለሽ፣ ቃሉን ለይተሽ ተናገሪ። ካርቱም ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ እዚያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚህ ሦስት ሰዓት ነው፣ እናትሽም ተኝታለች። ከዚያ በፊት ደውዪ።