ታሪፍ፡ በእንግሊዝኛ የሰነበተ የዐረብኛ ቃል

ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚኒባስ የሚሄድ ሰው «ታሪፉ ስንት ነው?» ይላል። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ የሚያስወጣ ነጋዴ ደግሞ ስለ ጉምሩክ ታሪፍ ያወራል። የመጀመሪያው ዋጋ፣ ሁለተኛው ቀረጥ ነው። በእንግሊዝኛም ቃሉ ሁለት መልክ አለው፤ በእንግሊዝ አገር የሆቴልና የመብራት ዋጋ ታሪፍ ሲባል፣ በአሜሪካ ግን ይበልጡን ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል ቀረጥ ነው።

ውድ አንባብያን፣ የቃሉ ምንጭ ዐረብኛ ነው። «ተዕሪፍ» ማሳወቅ ማለት ሲሆን፣ «ዐረፈ» (አወቀ) ከሚለው ግስ ይወጣል፤ «መዕሩፍ»ም ከዚሁ ሥር ነው። በሜዲትራንያን ንግድ ወደ ጣልያንኛ ገብቶ «ታሪፋ» ተባለ፤ እንግሊዝኛ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች ቃሉ ከስፔኗ ታሪፋ ከተማ የመጣ ነው ይላሉ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ710 እዚያ በወረደው ሙስሊም አዛዥ በጠሪፍ ኢብን ማሊክ ስም መጠራቷ እውነት ነው። ነገር ግን «ጠሪፍ» በ«ጧ» ይጻፋል፤ «ተዕሪፍ» በ«ታ»ና በ«ዐይን»። ሥሮቻቸው ይለያያሉ። ታሪኩ ደስ ስላለን ብቻ እንዴት እንቀበለዋለን?

ታክሲ መሳፈር በሸሪዓ ኪራይ (ኢጃራ) ነው። ፉቀሃዎች በኪራይ ውል ዋጋው አስቀድሞ መታወቅ አለበት ይላሉ፤ ካልታወቀ «ገረር» ይገባበታል። ሲመሽ ወይም ዝናብ ሲጥል፣ መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ «ዛሬ እጥፍ ነው» የሚል ረዳት ታሪፍን ታሪፍ ያሰኘውን ነገር፣ ማሳወቅን፣ ነው ያስቀረው። ተሳፋሪው ሳይገባ በሩ ላይ ቢነግረው ግን፣ የመንግሥትን ደንብ መጣሱ እንዳለ ሆኖ፣ ገረሩ ይቀራል።