ከካንሰር የዳነች ልጅ ለምን የልብ ምርመራ ታደርጋለች?

ጥያቄ፦ ልጄ በ6 ዓመቷ የደም ካንሰር ይዟት ታክማ ድናለች። አሁን 17 ሞልቷታል፣ ምንም አያማትም። ሐኪሞቹ ግን የልብ አልትራሳውንድ ትነሣ ይላሉ። ቢቀርስ?

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ! ምርመራው ግን አይቅር። ካንሰሩ ይመለሳል ብለን አይደለም፤ ይህን ያህል ዓመት ካለፈ በኋላ መመለሱ እምብዛም አያጋጥምም። የሚያሳስበን ያዳናት መድኃኒት ነው። ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት አንዱ ዶክሶሩቢሲን ይባላል፤ ብዙ ወላጆች በቀይ ቀለሙ ያስታውሱታል። የልብ ጡንቻ ሕዋሳትን ይጎዳል፣ የሞቱትም መልሰው አይተኩም ማለት ይቻላል። የቀሩት የሌሎቹን ሥራ ደርበው ለዓመታት ስለሚዘልቁ፣ ልብ እየደከመ እንኳ ልጅቷ ደህና ነኝ ልትል ትችላለች።

አደጋው በወሰደችው ጠቅላላ መጠን ይለያያል። በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 250 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ለወሰደ በየ2 ዓመቱ፣ ከ100 እስከ 250 ለወሰደ በየ5 ዓመቱ አልትራሳውንድ ይመከራል። ደረቷ ላይ ጨረር ተሰጥቷት ከሆነ አደጋው ይጨምራል።

ታዲያ መጠኑን ማን ያውቃል? ካርድ ይጠፋል፣ ሐኪምም ይቀየራል። ስለዚህ ከታከመችበት ሆስፒታል የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን የያዘ ማጠቃለያ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ኮፒው በእርስዎም በእሷም እጅ ይሁን። እርግዝና የልብን ሥራ ስለሚያበዛ፣ ነገ ልጅ ስታስብ ያ ወረቀት ለማህፀን ሐኪሟ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ትንፋሽ ካጠራት፣ እግሯ ካበጠ ወይም ራሷን ከሳተች ቀጠሮዋን ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት ይውሰዷት።